ጅባራ፦ የጓሳው መርዘኛ
ደረቅ የአበባ ዘንግ፤ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም፤ መንዝ

ይህ ተክል በዓለም ላይ የሚበቅለው በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ብቻ ነው። በመንዝ ጓሳ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ውርጭ በሚመታው ረግረጋማ ሜዳ ቆሞ ይታያል። ቅጠሉ ሲቀነጠስ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፤ መርዝ ነውና ወደ ዓይንም ወደ አፍም አይጠጋ። ከሎቤሊያ ዘመዶቹ የሚገኘው ሎቤሊን የተባለ ንጥረ ነገር ነርቭን እንደ ኒኮቲን ይነካል፤ ሲበዛ ያስመልሳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። ለወፎች ግን የአበባው ወለላ ምግብ ነው።

ጅባራ ለብዙ ዓመታት ቅጠል ብቻ ይዞ ይኖራል። ከዚያ አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ ዘንግ አቁሞ ያብባል፤ ዘሩን በትኖም ይደርቃል። ሳያብብ ከተቆረጠ ዘር አይተካም፤ ስለዚህ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ጓሳን ለዘመናት የጠበቀው፣ ቄሮ የተባለው የማኅበረሰቡ የጥበቃ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም፣ ዛሬ የአካባቢው ማኅበረሰብ ሣሩንም ጅባራውንም መልሶ ይጠብቃል።