ከፎቶው ጀርባ የተጻፈው

ከቤተሰብ አልበም ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቶ አውጥታችሁ ገልብጡት። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ቀኑ፣ ወይም «ለማስታወሻ» የሚል የእጅ ጽሑፍ ልታገኙ ትችላላችሁ። ያን የጻፈው ሰው ፈልጎ ነው የጻፈው። የዛሬው የስልክ ፎቶም ጀርባ አለው። ልዩነቱ፣ እሱ ላይ የሚጽፈው ስልኩ ራሱ ነው፤ እኛን ሳይጠይቅ።

ፎቶን ከነመረጃው የማስቀመጥ ሐሳብ ከስልክ በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ኮዳክ «አውቶግራፊክ» የሚባል ካሜራ አወጣ። ከካሜራው ጀርባ ትንሽ መክፈቻ አለች። አንሺው እሷን ከፍቶ ቀኑን ወይም ቦታውን በሹል ብረት ይጽፋል፤ ጽሑፉም ፊልሙ ላይ በብርሃን ይታተማል። ኮዳክ ለፈጠራው ባለቤት ለሄንሪ ጌይስማን የከፈለው 300,000 ዶላር ነበር። በዚያ ዘመን ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ብዕሩ ከሰው እጅ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ማኅበር «ኤግዚፍ» የተባለውን ደረጃ አወጣ። ዓላማው ክፉ አልነበረም፦ የየትኛውም ኩባንያ ካሜራ ቀኑን፣ የካሜራውን ዓይነት፣ የብርሃን መጠኑን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲመዘግብ ነው። በኋላ ጂፒኤስ ያላቸው ስልኮች ሲመጡ ግን ፎቶው የተነሳበት ቦታም በቁጥር አብሮ መጻፍ ጀመረ።

የዚህን ዋጋ ዓለም በግልጽ ያየው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ነው። የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም በመሥራት ስሙ የገነነው ጆን ማካፊ፣ በጎረቤቱ ግድያ ጉዳይ የቤሊዝ ፖሊስ ሊጠይቀው ሲፈልገው ተሰውሮ ነበር። «ቫይስ» የተባለው መጽሔት ጋዜጠኞቹ ከሱ ጋር እንዳሉ እየፎከረ ፎቶውን ለጠፈ። ፎቶው የተነሳው በአይፎን ነው፤ ኬክሮስና ኬንትሮሱም አልጠፋም ነበር። አንባቢዎች ቁጥሩን ካርታ ላይ ሲያስገቡት ጓቲማላ ሆኖ ተገኘ። ማካፊ መጀመሪያ «ቁጥሩን ሆን ብዬ ለውጬው ነው» አለ፤ ኋላ እውነተኛ መሆኑን አመነ። በዚያው ሳምንት በሕገወጥ መንገድ አገር በመግባት ተያዘ፤ ኋላም ወደ አሜሪካ ተባረረ። የኮምፒውተር ደኅንነት ሲሸጥ የነበረ ሰው!

ታዲያ እኛስ? ቴሌግራም ላይ ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ስለሚጨመቅ ይህ መረጃ ይራገፋል። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለን «እንደ ፋይል» ስንልከው ግን ቦታው ካልጠፋ ከነሙሉ ጀርባው ይሄዳል። ከሚያሳድዳት ሰው አድራሻዋን ለደበቀች ሴት፣ ወይም ምንጩን ለሚጠብቅ ጋዜጠኛ፣ ይቺ ትንሽ ልዩነት ትልቅ ናት።

ማየቱ ቀላል ነው። አይፎን ላይ ፎቶውን ከፍቶ ወደ ላይ መሳብ ነው፤ ካርታው ይመጣል። እዚያው ቦታውን ማጥፋት፣ ሲልኩም ከማጋሪያው ምርጫዎች ውስጥ ሎኬሽኑን መዝጋት ይቻላል። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የፋይሉ ዝርዝር ገጽ ውስጥ የግል መረጃን ማስወገጃ አለ። ከሁሉ በፊት ግን ለካሜራው የተሰጠውን የሎኬሽን ፈቃድ መከልከል ይሻላል።

ሁሉንም አጥፉ ማለቴ አይደለም። ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ ነገ ለልጆቻችን ዝም ያለ ወረቀት ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊም፣ ለፍርድ ቤትም ምስክርነቱ ይሳሳል። ዋናውን ቅጂ ከነጀርባው አስቀምጡት። ለሰው የምትሰጡትን ግን ከመስጠታችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት።