የሚያዝያ ዝናብና የራያ ቆቦ ማሽላ

በራያ ቆቦ ሜዳ የማሽላው ዓመት ክረምትን አይጠብቅም፤ ሚያዝያ ላይ ይጀምራል። በልጉ መሬቱን ካራሰ ገበሬው ጅጉርቲና ደጋሊት የሚባሉትን ነባር ዘሮች ይዘራል። እነዚህ ክረምቱን ሙሉ አድገው፣ ከሰው ቁመት በልጠው፣ ኅዳር ገደማ ይታጨዳሉ። ቡቃያው ከፍ ሲል በሬ ተጠምዶ በመካከሉ ይታረሳል፤ ይህም ሽልሻሎ ይባላል። ለማያውቀው ሰው ሰብል ማጥፋት ይመስላል። ነገር ግን አረሙ ይነቀላል፣ የተፋፈገው ቡቃያ ይሳሳል፣ የሐምሌ ዝናብም ሸሽቶ ሳይሄድ በትልሙ ውስጥ ይሰርጋል።

ሚያዝያ ሲከዳስ?

ለዚህም የቆየ መላ አለ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ይዘራል፤ እሱም ካልሆነ ሐምሌ ላይ ጤፍ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ ሽምብራ። አንድ ደረጃ በተወረደ ቁጥር ግን ጎተራው ይጎድላል። በ1976 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ከዱ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱም ተጨመረበት። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ዓለም በቴሌቪዥን ያየው የኮረም የረሃብተኞች መጠለያ ከዚሁ ሜዳ በላይ፣ ደጋው ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ፈጥነው የሚደርሱ ዘሮችን አቀረቡ። በ1990ዎቹ የተለቀቁት ጎብዬና አብሽር አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም ይቋቋማሉ፤ በዚህ ሥራቸው የሚታወቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ገበሬው ግን ወዲያው እጁን አልዘረጋም፤ ምክንያትም ነበረው። የረጅሙ ማሽላ አገዳ ለከብት መኖ፣ ለምድጃ ማገዶ፣ ለቤትና ለአጥር ይሆናል። አጭሩ ዘር ፍሬ ቢሰጥም ይህን ሁሉ አይሰጥም። ከሌላው ቀድሞ ስለሚደርስ ደግሞ የአካባቢው ወፍ ሁሉ ይሰፍርበታል፤ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው ልጅ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

የበልግ ዝናብ ባለፉት አስርት ዓመታት ቀንሷል፤ ሙቀቱም እየጨመረ የአፈሩን እርጥበት ቶሎ ያደርቃል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፤ ቀጥሎ ኤል ኒኞ ክረምቱን አዳከመው። በቀጣዩ ዓመት በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው ታወጀ።

የምርት መቀነስ ዛሬም በሄክታር ስንት ኩንታል እየተባለ ይሰላል። ለራያ ገበሬ ይህ የሒሳቡ ግማሽ ብቻ ነው። ለደረቅ ዓመት ዘር የሚያዳቅል ባለሙያ ከፍሬው ጋር አገዳውንም ይመዝን።