ይቻላቸዋል፦ የአንድ ግሥ ታሪክ

ከአማርኛ ግሦች መካከል እንደ «ቻለ» ብዙ ጭነት የተሸከመ አለ ብዬ አላምንም። እዚህ ሸዋ ሮቢት ገበያ ውስጥ ግማሽ ቀን የዋለ ሰው ሁሉንም ትርጉሞቹን በጆሮው ይሰማቸዋል። ጆንያው አንድ ኩንታል ማሾ ይችላል፤ ነጋዴው አፋርኛም አማርኛም ይችላል፤ የደጋው ሰው የቆላውን ሙቀት ችሎ ይውላል፤ የመኪናውን ኪራይ ገዢው ይችላል፤ ልጁ ሱቅ ከፍቶ ራሱን ችሏል። መያዝ፣ ማወቅ፣ መታገሥ፣ ወጪ መሸፈን፣ በራስ መቆም፤ ሁሉም አንድ ቃል ናቸው።

ፈረንሳዊ ይህን ወደ ቋንቋው ቢመልስ አንድ ግሥ አይበቃውም። ለጆንያው «ኮንትኒር»፣ ለቋንቋው «ሳቯር»፣ ለሙቀቱ «ሱፖርቴ»፣ ለዐቅም «ፑቯር» ይላል። እንግሊዛዊው ደግሞ ዐቅምን በ«ካን»፣ ፈቃድን በ«ሜይ» ይለያል። «ፑቯር» እንደ እኛው ዐቅምንም ፈቃድንም በአንድነት ይይዛል፤ ስም ሲሆንም ሥልጣን ማለት ነው። የእኛም «ቻለ» ከግእዙ «ክህለ» ወርዶ ችሎታን ወልዷል፤ ዳኛ የሚቀመጥበትን ችሎትንም ወልዷል፤ ፈጣሪንም «ሁሉን ቻይ» ያሰኘናል። ዐቅምና ሥልጣን ጎረቤት መሆናቸውን ሁለቱም ቋንቋዎች ያውቁታል።

ይህ ጉዳይ ከሰዋስው ጨዋታ ያለፈ መሆኑን የሚያስረዳን ታሪካችን ነው። (ዘመኑን ሁሉ የማስቀምጠው በእኛ አቆጣጠር ነው።) የይፋት ቆላ ከባሕር ዳርቻ ወደ አንኮበር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበረ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ በዚሁ በኩል፣ በአልዩ አምባ ገበያ አድርጎ መጥቶ በ1834 ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተፈራረመ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በ1835 የራሱን ሀገር ውል ይዞ ተመለሰ። ከ40 ዓመት በኋላ የኢጣሊያው ኮንት አንቶኔሊ በአሰብና በአውሳ በኩል መጥቶ በ1875 ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋዋለ። የባዕድ ቋንቋ ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት የገባው ይህን ቆላ እያቋረጠ ነው።

ታላቁ ፈተና የመጣው ግን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው። በደሴ መንገድ ወደ ሰሜን ሲኬድ በምትገኘው በውጫሌ ሁለቱ ወገኖች በአማርኛና በኢጣሊያንኛ የተጻፈ ውል ፈረሙ። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣሊያንኛው ደግሞ «ኮንሴንቴ»፣ ማለትም «ይስማማሉ» ይላል።

አንባቢ ሆይ፣ «ይቻላቸዋል» የሚለውን ቃል ቀስ ብለህ ተመልከተው። «ይችላሉ» እንኳ አላለም። ንጉሡን ባለቤት አድርጎ ዐቅማቸውን አይለካም፤ በፊታቸው አንድ በር ተከፍቶ መቀመጡን ብቻ ይነግራል። በር የተከፈተለት ሰው ሊገባም ላይገባም ይችላል። «የሚቻለው» ሰው ሁሉ መተውም ይቻለዋል። «የተስማማ» ሰው ግን ቃሉን ሰጥቷል፤ ነገ ቢተወው አፍራሽ ይባላል።

ኢጣሊያ ግን በዚህም አልቆመችም። በጥቅምት 1882 ለአውሮፓ መንግሥታት ባስታወቀች ጊዜ ከ«ይስማማሉ» ተሻግራ «ግድ ነው» የሚል ትርጉም ሰጠችው፤ ኢትዮጵያም በኢጣሊያ ጥበቃ ሥር ያለች ሀገር ተብላ ተቆጠረች። ምኒልክ ንግሣቸውን ለማብሰር ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ሲጽፉ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ መልእክታቸው በኢጣሊያ በኩል መምጣት እንደሚገባው መለሱላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ የቃሉን መለወጥ የተረዱት ከዚህ በኋላ ነው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ውሉ በ1885 ፈረሰ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዐድዋ ላይ የመጨረሻውን ትርጓሜ የሰጠው ጦር ሆነ።

ብዙዎች ነገሩን «የትርጉም ስሕተት» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አንድ አስተርጓሚ ከ«ይቻላቸዋል» ወደ «ይስማማሉ» ሊንሸራተት ይችል ይሆናል፤ ከ«ይስማማሉ» ወደ «ግድ ነው» የሚያሻግር ግን የቋንቋ ድክመት አይደለም፤ ፍላጎት ነው። እዚያ ላይ ያለቀው መዝገበ ቃላቱ ሳይሆን ሐቀኝነቱ ነው። ምኒልክም ትምህርቱን አልረሱም። በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት ሲያረጋግጥ፣ የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ሆነ። ኢጣሊያንኛ ከወረቀቱ ወጣ።

ፈረንሳይኛና አማርኛ እንደገና የተገናኙት በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አረቀቀው፤ «ፑቯር» ያለበት ቦታ ወደ አማርኛችን «ይችላል» ሆኖ ገባ። በባንክ መስኮት ሠራተኛነቴ የዚህን ግሥ ክብደት በየቀኑ አያለሁ። ማንበብ የማይችሉ አባት የዋስትና ውል ላይ አውራ ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ውሉን ሳነብላቸው፣ «ይችላል» እና «አለበት» በሚሉት ላይ ቆም እላለሁ። «ይህኛው ከፈለጉ ነው፤ ያኛው ግን ግዴታዎ ነው» እላቸዋለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፤ ከኋላ የቆመውም ያጉረመርማል። ይሁን እንጂ በአንድ ግሥ ሀገር የተፈተነችበት ሕዝብ ልጅ ስለ ግሥ ሊቸኩል አይገባውም። ሰልፈኛውም ትንሽ ይቻለው።