68 ባይት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌሊቱን ሙሉ ስይዝ ያደርኩትን የኔትወርክ ፓኬት ጠዋት ስከፍተው፣ ሁሉም ካንገቱ በታች ተቆርጦ አገኘሁት። የላኪና የተቀባይ አድራሻ አለ፤ የምፈልገው የዲኤንኤስ መልስ የለም። ማሽኑን ስወቅስ ቆይቼ የወረስኩትን የሼል ስክሪፕት ባነበው፣ ሆዱ ውስጥ ከእያንዳንዱ ፓኬት ስንት ባይት እንደሚያዝ የሚወስን 68 የሚል ቁጥር ተቀምጧል።

ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1986 በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ መካከል ያለው መስመር ተጨናንቆ ነበር። ሁለቱ የሚራራቁት 400 ያርድ ያህል ነው፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ቫን ጃኮብሰን ምክንያቱን ፍለጋ ገባ። በዚያው ላቦራቶሪ እሱ፣ ክሬግ ሌረስና ስቲቨን ማካን ስክሪፕቴ የሚጠራውን የፓኬት መያዣ ፕሮግራም ቲሲፒደምፕን ጻፉ፤ የቀድሞ ዲፎልቱም 68 ባይት ነበር።

የቲሲፒን ጠባይ ለሚመረምር ሰው የፓኬቱ ሄደር (ራስጌ) ይበቃዋል፦ የኢተርኔት 14 ባይት፣ የአይፒ 20፣ የቲሲፒ 20፤ ድምሩ 54። በ68 ላይ ሲቆረጥ ትርፍ 14 ባይት ይቀራል። ፓኬትን ከከርነል ወደ ፕሮግራሙ መቅዳት ያኔ ውድ ነበር። ማካንና ጃኮብሰን በ1993 ባቀረቡት የበርክሌይ ፓኬት ማጣሪያም ዋናው ሐሳብ ይኸው ነው፤ የማያስፈልገው እዚያው ከርነል ውስጥ ይጣል፣ የሚያስፈልገው ብቻ ይቀዳ።

ዘመን ተለወጠ፤ የቲሲፒደምፕ ዲፎልት መጀመሪያ 65,535፣ በኋላም 262,144 ባይት ደረሰ። የእኔ ስክሪፕት ግን 68ን በእጅ ስለጻፈ አዲሱ ዲፎልት አልደረሰበትም። ትልቅ ቁጥር በእጅ መጻፍም መፍትሔ አይደለም፤ ትራፊክ በበዛበት መስመር ላይ ሙሉ ፓኬት የሚይዝ ሰው ቋቱ ይሞላበትና ፓኬት ይጠፋበታል፣ ዲስኩም ያልቃል። የተሻለ ዘዴ ግን አለ፦ በሊኑክስ ከርነል የኤምፒቲሲፒ (ባለብዙ መንገድ ቲሲፒ) መፈተሻ ስክሪፕት ውስጥ ፓኬት መያዝ ካልታዘዘ አይጀመርም፤ የቲሲፒደምፕ አማራጮቹም አንድ ላይ በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ ተቀምጠዋል።

እኔም ያንኑ አደረግሁ። የባይቱን ልክ፣ የቋቱን መጠንና ማጣሪያውን ከትእዛዙ መስመር አውጥቼ ከስክሪፕቱ አናት ላይ በተለዋዋጭ አስቀመጥኩ፤ ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ሰው ዋጋ ካልሰጠ ዲፎልቱ ይሠራል። ሥራው የግማሽ ሰዓት ነበር። 68 በዘመኑ ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ ለሚቀጥለው ሰው መለወጫ ሳይተዉ መቆለፉ ነው።