ስለ አውስትራልያና ስለ ኒው ዚላንድ ገንዘብ ምንዛሪ

ሁለት ጎረቤት አገሮች ገንዘባቸውን እርስ በርስ ሲመነዝሩ ዋጋውን የሚወስነው በመካከላቸው ያለው ንግድ ይመስላል። በአውስትራልያና በኒው ዚላንድ መካከል ግን ነገሩ ብዙ ዘመን እንዲህ አልነበረም። የታስማንን ባሕር ተሻግረው ቢነጋገዱም፥ የአንዱ ፓውንድ በሌላው ፓውንድ ስንት እንደሚያወጣ የሚታወቀው ሁለቱም በየፊናቸው ከሎንዶን ጋር ባላቸው ሒሳብ ነበር። ይህን ለማሳየት አንዲት ቍጥር፥ ይኸውም 125ን፥ ተከትለን እንሄዳለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

አውስትራልያ የራስዋን ገንዘብ ማውጣት የጀመረችው በ1910 ነው። ኒው ዚላንድ ግን እስከ 1933 ድረስ የራስዋ ዝርዝር ገንዘብ አልነበራትም፤ በገበያዋ ይዘዋወር የነበረው የእንግሊዝና የአውስትራልያ ሽልንግ ሲሆን፥ የወረቀቱን ገንዘብ የሚያወጡት የንግድ ባንኮች ነበሩ። ከእነዚህም ባንኮች ብዙዎቹ በሁለቱም አገሮች ቅርንጫፍ ነበራቸው። የገንዘቡ ስም በሦስቱም አገር ፓውንድ ስለ ሆነ፥ ዋጋውም አንድ መሆኑ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቈጠር ነበር።

ይህ እምነት የፈረሰው የበግ ጠጕር ዋጋ በወደቀበትና የሎንዶን አበዳሪዎች እጃቸውን በሰበሰቡበት ጊዜ ነው። በጥር ወር 1931 በአልፍሬድ ዴቪድሰን የሚመራው የኒው ሳውዝ ዌልስ ባንክ ከሌሎቹ ባንኮች ስምምነት ወጥቶ 100 የእንግሊዝ ፓውንድን በ130 የአውስትራልያ ፓውንድ መመንዘር ጀመረ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የኮመንዌልዝ ባንክ ኀላፊነቱን ተረክቦ ዋጋውን በ125 ወሰነ። ይህች ቍጥር ምን እንደምትሠራ በምሳሌ እንመልከት። አንድ በግ አርቢ ጠጕሩን ሎንዶን ላይ በ100 ፓውንድ ቢሸጥ፥ ሲድኒ ላይ 125 ይቀበላል። ነገር ግን መንግሥት ሎንዶን ላይ 100 ፓውንድ ወለድ መክፈል ቢኖርበት፥ ከግብር ከፋዩ 125 መሰብሰብ አለበት። ከውጭ የመጣ ጨርቅ የሚገዛውም የከተማ ሠራተኛ እንደዚሁ ልዩነቱን ከኪሱ ይሞላል። ስለዚህ የምንዛሪ ዋጋ፥ በአገር ውስጥ ማን ለማን ይክፈል የሚለው ክርክር ሌላ ስም ነው።

በኒው ዚላንድ ዋጋው 110 ላይ ቆመ። እንግዲህ ሁለት ገበሬዎች አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ የሎንዶን ገበያ በአንድ ዋጋ ሸጠው፥ አንደኛው ወደ አገሩ 125 ሌላው 110 ይዞ ይመለስ ነበር። የኒው ዚላንድን ገበሬዎች ያስቈጣው ይህ የ15 ፓውንድ ልዩነት ነው። በጥር 1933 የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጆርጅ ፎርብስ መንግሥት፥ በተለይም በጎርደን ኮትስ ግፊት፥ ዋጋውን ወደ 125 ከፍ አደረገው፤ ባንኮቹም የሚደርስባቸውን ኪሳራ በሕግ ሊሸፍንላቸው ተስማማ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ዊልያም ዳውኒ ስቱዋርት ይህን በመቃወም ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ቦታውንም ኮትስ ያዘው። ለአንድ የምንዛሪ ቍጥር ሲል ሚኒስትር ከወንበሩ መነሣቱ የነገሩን ክብደት ይመሰክራል።

ለሕዝብ ኑሮ ተመልካች ግን ከሚኒስትሮቹ ክርክር ይልቅ የሽልንጉ ዕጣ ይበልጥ ያስተምራል። በኒው ዚላንድ ገበያ የእንግሊዝ ሽልንግ በአገሩ ፓውንድ ሲቈጠር 20ው ለአንድ ነበር፤ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር ሲደርስ ግን በሩብ ያህል ይበልጥ ያወጣል። ስለዚህ ሽልንጉ በስውር ከአገር ይወጣ ጀመር፤ ገበያውም ዝርዝር አጣ። ኒው ዚላንድ በ1933 የራስዋን ዝርዝር ገንዘብ ለማውጣት ከተነሣሣችባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ማዕከላዊ ባንክዋም በነሐሴ 1934 ሥራ ጀመረ።

ከ1933 እስከ 1948 ሁለቱ ፓውንዶች ተካክለው ኖሩ። በነሐሴ 1948 ግን የገንዘብ ሚኒስትሩ ዋልተር ናሽ የውጭውን የዋጋ ንረት ለመከላከል ሲል የኒው ዚላንድን ፓውንድ ከእንግሊዙ ጋር አስተካከለው። አውስትራልያ በ125 ጸናች። ስለዚህ 100 የኒው ዚላንድ ፓውንድ 125 የአውስትራልያ ሆነ። በ1949 የእንግሊዝ ፓውንድ በአሜሪካ ዶላር ሲታይ ከ4.03 ወደ 2.80 ሲወርድ ሁለቱም አብረው ስለ ወረዱ፥ በመካከላቸው የተለወጠ ነገር የለም።

አውስትራልያ በየካቲት 1966፥ ኒው ዚላንድ በሐምሌ 1967 ፓውንድን ትተው ዶላር አወጡ፤ በሁለቱም አገር አንድ ዶላር የአንድ ፓውንድ ግማሽ ነበር። የአውስትራልያው በአሜሪካ ገንዘብ 1.12፥ የኒው ዚላንዱ 1.39 ያህል ያወጣ ነበር። በዚያው በ1967 በኅዳር እንግሊዝ ፓውንድዋን ወደ 2.40 ዝቅ ስታደርግ አውስትራልያ አልተከተለችም፤ ኒው ዚላንድ ግን ዶላርዋን በመቶ 19.45 ቀነሰች። ይህ ከእንግሊዝ ቅነሳ ይበልጣል፤ ቍጥሩም እንግዳ ነው። ምስጢሩ ሒሳቡ ሲሠራ ይገለጣል፤ 1.39 ያህሉ በዚህ መጠን ሲቀነስ 1.12 ይሆናል፤ ይህም የአውስትራልያው ዋጋ ነው። ይህ 1.12 ደግሞ ከየት መጣ ቢባል፥ 2.80ን ለ1.25 አካፍሎ ግማሹን ከመውሰድ ነው። በሌላ አነጋገር ኒው ዚላንድ በ1967 የተቀበለችው አንድ የአውስትራልያ ባንክ በ1931 የወሰነውን ነው። ከሎንዶን ራቀች የተባለችው በራስዋ በሎንዶን ጥላ ሥር በተሠራ ቍጥር ነበር።

ይህ እኩልነት ለተራው ሰው አንድ ምቾት አመጣለት። የሁለቱ አገሮች የ5፥ የ10ና የ20 ሳንቲሞች መጠናቸው አንድ ስለ ነበረ፥ በአንዱ አገር ሱቅ የሌላው ሳንቲም ተቀላቅሎ ሲገኝ የሚጐዳ አልነበረም። በታኅሣሥ 1972 አውስትራልያ የዶላርዋን ዋጋ ከፍ ስታደርግ እኩልነቱ ፈረሰ። በ1974 አውስትራልያ በመቶ 12 ስትቀንስ ኒው ዚላንድ በመቶ 9፤ በ1976 አውስትራልያ 17.5 ስትቀንስ ኒው ዚላንድ 7 ቀነሰች። መለኪያቸው አሁን እርስ በርሳቸው ነበር። በታኅሣሥ 1983 አውስትራልያ፥ በመጋቢት 1985 ኒው ዚላንድ ዋጋውን ለገበያ ለቀቁት። ሳንቲሞቹ ግን ኒው ዚላንድ በ2006 የ5ቱን ሽራ የቀሩትን እስካሳነሰች ድረስ፥ ዋጋቸው ተለያይቶም በሁለቱም አገር ኪስ ውስጥ ይቀላቀሉ ነበር። በሚያዝያ 2015 የኒው ዚላንድ ዶላር ከ99 የአውስትራልያ ሳንቲም በላይ ወጥቶ ጋዜጦች የእኩልነቱን ቀን ይጠባበቁ ነበር፤ ዋጋው ግን 100 ሳይሞላ ተመለሰ።