በአገናኝ ድርጅት በኩል የሚሠሩ ሠራተኞች ያልተከፈላቸውን ደመወዝ እንዴት ማስመለስ ይችላሉ?

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጌዶ፣ በጉደርና በሌሎችም የምዕራብ ሸዋ ከተሞች በጥበቃ፣ በጽዳት፣ በጭነትና በግንባታ ሥራ የሚተዳደር ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት አለቆች አሉት። አንደኛው ሥራ ያዝዘዋል፤ ሌላው ደመወዝ ይከፍለዋል። ክፍያው ሲቋረጥ ኤጀንሲው «ተቋሙ ገንዘብ አልለቀቀልንም» ይላል፤ ተቋሙ ደግሞ «እኛ ለኤጀንሲው ከፍለናል» ሲል ይመልሳል። ሠራተኛው በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ጊዜው ይነጉዳል፤ ደመወዝ ለመጠየቅ በሕግ የተሰጠው ጊዜ ግን ስድስት ወር ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በኤጀንሲ በኩል የሚቀጠሩ ሠራተኞች የሚደርስባቸውን የክፍያ በደል በተደጋጋሚ በአደባባይ አንሥቷል። ጉዳዩ በዋናነት የሚገዛው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

አሠሪው ማን ነው?

አዋጁ ሁለት ዓይነት የአገናኝነት ሥራ ያውቃል። በመጀመሪያው፣ ኤጀንሲው ሠራተኛውንና ቀጣሪውን ያገናኛል እንጂ የሥራ ውሉ ተዋዋይ አይሆንም። በዚህ ጊዜ ደመወዝ የሚጠየቀው ሥራውን ያሠራው ድርጅት ነው። በሁለተኛው፣ ኤጀንሲው ሠራተኛውን ራሱ ቀጥሮ አገልግሎቱን ወደሚፈልገው ድርጅት ያሰማራዋል። በዚህ ጊዜ የቀጠረው ኤጀንሲው ስለሆነ ከፋዩም እርሱ ነው። «ተቋሙ አልከፈለኝም» ማለቱ ለሠራተኛው ካለበት ግዴታ ነፃ አያወጣውም፤ ያ ጉዳይ የሁለቱ ድርጅቶች ውል ነው። በሁለቱም ዓይነት አሠራር ኤጀንሲው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይችልም።

በግንባታ ቦታዎች ሰንሰለቱ ይረዝማል። ሥራው ከዋናው ሥራ ተቋራጭ ወደ ንዑስ ተቋራጩ፣ ከዚያም ወደ ካቦው ይወርዳል። የቀን ሠራተኛው የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ካቦውን ብቻ ነው። በሕጉ መሠረት ግን የሥራ ውል ተመሠረተ የሚባለው አንድ ሰው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ በአሠሪው መሪነት በደመወዝ ለመሥራት ሲስማማ ነው። ስለዚህ ሥራውን የመራው፣ ሰዓት የተቆጣጠረውና ስም የመዘገበው ማን እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። አሠሪው ማን እንደሆነ በግልጽ ካልታወቀ ሁለቱንም ድርጅቶች በአንድ ክስ ተከሳሽ ማድረግ ይመረጣል።

የጽሑፍ ውል ከሌለስ?

የጽሑፍ ውል አለመኖር ደመወዝ አያስቀርም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህን አለማድረጉ የሠራተኛውን መብት አይነካም። ሕጉ አሠሪው ጠቅላላ ደመወዝን፣ ተቀናሾችንና የተጣራ ክፍያን የሚያሳይ የክፍያ መዝገብ እንዲይዝም ያስገድዳል፤ ሠራተኛው ይህ መዝገብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብለት መጠየቅ ይችላል።

ከሠራተኛው በኩል የሚረዱ ማስረጃዎች የመታወቂያ ባጅ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ ፊርማ፣ የስልክ መልእክትና የሥራ ባልደረቦች ምስክርነት ናቸው። የጡረታ መዋጮ መዝገብም ጠንካራ ማስረጃ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሥርዓት ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ስለሚዋጣ፣ መዋጮው በማን ስም እንደገባ ማየት አሠሪው ማን እንደሆነ ለመለየት ያግዛል።

ምን ያህል መጠየቅ ይቻላል?

ጥያቄው ከዋናው ደመወዝ ሊያልፍ ይችላል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በመደበኛው የሰዓት ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ እንደሚከተለው ይሰላል፦

• ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፦ በ1.5 ተባዝቶ
• ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፦ በ1.75 ተባዝቶ
• በሳምንት የዕረፍት ቀን፦ በ2 ተባዝቶ
• በሕዝብ በዓላት ቀን፦ በ2.5 ተባዝቶ

ውሉ ሲቋረጥ ደመወዝና ሌሎች ክፍያዎች በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለባቸው። አሠሪው ካዘገየ፣ መዘግየቱ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወሰንበት ይችላል። ለምሳሌ በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፈለው ውሉ ቢቋረጥ፣ ዋናው ዕዳ 12,000 ብር ሲሆን የመዘግየቱ ቅጣት እስከ 18,000 ብር ሊደርስ ይችላል። በመጠኑ ላይ ክርክር ቢኖርም አሠሪው ያመነውን ያህል በጊዜው መክፈል አለበት።

ስድስቱ ወር እንዴት ይቆጠራል?

የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የእያንዳንዱ ወር ደመወዝ ለየብቻ ይቆጠራል። መስከረም 30 መከፈል የነበረበት ደመወዝ እስከ መጋቢት 30 ካልተጠየቀ፣ የጥቅምቱ ገና ቢኖርም የመስከረሙ ይቀራል። ከውል መቋረጥ የሚመነጩ ክፍያዎችም ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ መጠየቅ አለባቸው።

በቃል የሚሰጥ የ«ነገ ና» ተስፋ ይርጋውን አያቋርጥም። የሚያቋርጡት ለፍርድ ቤት ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል የሚቀርብ አቤቱታና አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ናቸው። ስለዚህ «ያልተከፈለ ደመወዝ አለባችሁ» ተብሎ የተጻፈና የደረሰኝ ፊርማ ያለበት ማመልከቻ መስጠት፣ መልሱንም በጽሑፍ መጠየቅ ይጠቅማል።

አቤቱታው የት ይቀርባል?

የመጀመሪያው በር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን የሚከታተለው የወረዳ ወይም የከተማ ጽሕፈት ቤት ነው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ወደ ሥራ ቦታ ገብተው የክፍያ መዝገብን መመርመር ይችላሉ። በዚህ መንገድ ካልተፈታ ጉዳዩ በወረዳው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል። ጌዶ የጨልያ ወረዳ ዋና ከተማ በመሆኗ በወረዳው ለሚሠሩ ሰዎች ችሎቱ ቅርብ ነው። የሥራ ክርክር ክስ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ነው። አዋጁ ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ይጠብቃል፤ ቅር የተሰኘ ወገን በ30 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታው በዚያ ቋንቋ ይዘጋጃል።

ፍርዱ ገንዘብ እንዲሆን

ብዙ ኤጀንሲዎች ከቢሮ ዕቃ በቀር ጉልህ ንብረት የላቸውም። ሊያዝ የሚችለው ሀብታቸው ብዙ ጊዜ አገልግሎቱን ከሚቀበለው ተቋም ገና ያልተከፈላቸው ገንዘብ ነው። ሠራተኛው ይህ ገንዘብ እንዲያዝለት ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል፤ የኤጀንሲው ውል ከማብቃቱ በፊት ማመልከቱም ወሳኝ ነው። አሠሪው ቢከስር ወይም ብዙ ባለዕዳ ቢሆን እንኳ ከሥራ ግንኙነት የመነጨ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው።

በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ሰው

በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት ሥራ ተረክቦ በዋጋ የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ በራሱ መሣሪያና በራሱ ሰዎች የቀለም ሥራ የሚወስድ ባለሙያ፣ በአዋጁ አይሸፈንም። ጥያቄው በፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ይታያል፤ ጠቅላላው የውል ይርጋም 10 ዓመት ነው። ነገር ግን ውሉ «ኮንትራክተር» ስላለው ብቻ አንድ ሰው ሠራተኛነቱን አያጣም። በአለቃ ትእዛዝ፣ በተወሰነ ሰዓትና በደመወዝ የሚሠራ ከሆነ ሠራተኛ መሆኑን ለችሎቱ ማስረዳት ይችላል። ይህን ክርክር ለማቅረብ ያሰበ ሰው አሥሩን ዓመት ተማምኖ መቆየት የለበትም፤ ክሱን በስድስቱ ወር ውስጥ ቢያቀርብ ችሎቱ በየትኛውም መንገድ ቢመድበው መብቱ አይጠፋበትም።