ድንኳኑ ሲነቀል የሚቀረው

ፈረንጆች አልጋቸውንና ምድጃቸውን መኪና ላይ ጭነው፣ ቀን ተራራና ሐይቅ ሲያዩ ውለው ማታ ባማራቸው ጥግ ያድራሉ። ቤትን ይዞ መጓዝ ግን ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በጥንቱ አነጋገር የንጉሡ ድንኳን የሚተከልበት ሥፍራ ማለት ነበር። «ሰፈር»ም ያው ከ«ሰፈረ» የመጣ ነው። አዲስ አበቤ «ሰፈሬ» ሲል ሳያውቀው የድንኳን ቋንቋ ይናገራል ማለት ነው።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ቆይቶ ነበር። ያየው የአፄ ልብነ ድንግል መናገሻ በድንኳን የተሠራ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር ከሰፈሩ ጋር አብሮ ይነቀል ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ ያስተናገደ አገር እንጨቱም እህሉም ሲመናመን ሰፈሩ ተነሥቶ ይሄዳል። አመዱ፣ አጥንቱና ፋንድያው እዚያው ይቀራል። ዝናብና ጅብ ይጨርሱታል፤ የተመናመነው ጫካና የጎደለው ጎተራ ግን የባላገሩ ዕዳ ነው።

አዲስ አበባም የተወለደችው ከዚሁ ልማድ ነው። እንጦጦ ላይ ብርዱ ሲበረታ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃው ወረዱ፤ ቦታውን ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ሥፍራው ግን ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ የሚል ስም፣ ኦሮሞ ነዋሪም ነበረው። ከዐሥር ዓመት ብዙም ሳይቆይ የማገዶ እንጨት ጠፋ። አፄ ምኒልክም እንደ አባቶቻቸው ደንብ ሰፈሩን ሊያነሡ ቆርጠው፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በስተምዕራብ አዲስ ዓለምን ቆረቆሩ። ነገር ግን መኳንንቱና የውጭ መልእክተኞች አዲስ አበባ ላይ ቤት ሠርተው ነበር፤ ባሕር ዛፍም ደረሰ። መናገሻው ሳይነሣ ቀረ፤ ለአዲስ ዓለም የታሰበው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ካስማው በዚያው ተተክሎ ቀረ። ለመሆኑ ከዚያ ወዲህ ትራፊው ወዴት ሄደ?

ባለፈው በጋ ከወዳጆቼ ጋር ሚኒባስ ተከራይተን፣ ፍራሽ፣ ቡታጋዝና የውኃ ጀሪካን ጭነን፣ የመናገሻ ሱባን ደን ለማየት በምዕራብ በር ስንወጣ መልሱ በመስኮት ታየኝ፦ ቆሼ። በኮልፌ ቀራንዮ፣ ረጲ በሚባለው አካባቢ፣ ከ30 ሄክታር በላይ መሬት የያዘ ተራራ ነው። ይህን ተራራ እሳተ ገሞራ አልሠራውም፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እኛው ከየቤታችን አውጥተን የከመርነው ነው። ስሙም «ቆሻሻ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ከዚያ ላይ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰዎች አሉ።

በ2008 ዓ.ም. ከተማዋ ትራፊዋን ሰንዳፋ አካባቢ ወደተሠራ አዲስ ሥፍራ መውሰድ ጀምራ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው፣ ለውኃችንና ለከብቶቻችን ያለው ጉዳት ብለው ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥ ሥራው ቆመና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ እግሩ ሥር የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ እዚያው አጠገብ ተመረቀ።

ከዚያ በአለም ገናና በሰበታ አልፈን ወጨጫ ተራራ ሥር ደረስን። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጥንት እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ ሱባ ጎኑን የሸፈነው ደን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይተረካል። አፄ ምኒልክም ደኑን አስጠብቀውታል። ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው ተደባልቆ ፀሐይን በወንፊት ያሳልፋል፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ የምኒልክ ድኩላ በቁጥቋጦው መሐል ሹልክ ይላል። ትረካው እውነት ከሆነ አንድ የድንኳን ዘመን ንጉሥ፣ ሲያድግ የማያየውን ዛፍ ለማያውቀው ትውልድ አስተክሏል ማለት ነው። እኔን የገረመኝ ይህ ነው፤ ድንኳን ነቅሎ መሄድ የለመደ መንግሥት ኋላ ለሚቀረው ያሰበበት ጊዜ ነበር።

ቡና አፍልተን ስንጠጣ ከእኛ በፊት የመጡ ሽርሽርተኞች የጣሉትን የውኃ ፕላስቲክና ፌስታል ከሥራ ሥር አየን። ከእኛው ጋር ለቅመን አንድ ጆንያ ሞላን። የድንኳኑ ልማድ እንግዲህ አልለቀቀንም፤ መኪናችን ስትንቀሳቀስ ኋላችን የቀረው ሁሉ የሌላ ሰው ይመስለናል። ልዩነቱ፣ የአልቫሬዝ ዘመን አመድና ፋንድያ መሬት ሆኖ ይቀራል፤ ፌስታሉ ግን አይበሰብስም።

ማታ ወደ ከተማ ስንመለስ ሾፌራችን ጆንያውን በመስተዋት እያየ፣ «ይህን ደግሞ የት ልናደርሰው ነው?» አለ። ማናችንም ቶሎ አልመለስንለትም። መኪናዋ በቆሼ በኩል አለፈች።